ለ‹ጥበብ አይሸጥም› ባዮች

ልጁን ሂሳብ ለሚያስጠናለት ሰው ያለ ቅሬታ የሚከፍል ወላጅ፣ የቴኳንዶ ማስተሩ የወሩን ሲጠይቀው ፊቱ ይለወጣል። «ለዚህም ይከፈላል እንዴ?» ይላል። አጠገቡ የቆመው ደግሞ ይቀበለዋል፦ «የድሮዎቹ እኮ በነጻ ነበር የሚያስተምሩት፤ የዛሬዎቹ ነጋዴ ሆኑ።» ይህን ንግግር በታክሲ፣ በካፌ፣ ልጃቸውን ሊወስዱ አዳራሽ በር ላይ ከቆሙ ወላጆች ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። የሚያሳዝነው ጥቁር ቀበቶ ከታጠቁ ሰዎችም አፍ መስማቴ ነው። ጥበብ አይሸጥም፤ እውነተኛ ማስተር ገንዘብ አያነሳም፤ ያነሳ ዕለት ማስተርነቱ አበቃ። እምነቱ ይኸው ነው።

ይህ እምነት ስሕተት ነው። ስሕተት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለፍኩት ነበር። ግን ጥሩዎቹን ማሠልጠኛዎች እያዘጋ መጥፎዎቹን የሚያኖር፣ ልጆቻችንንም ለአደጋ የሚያጋልጥ እምነት ስለሆነ ዝም ልለው አልችልም።

መጀመሪያ ክርክራቸውን ሳላጣምም ላቅርብ፤ ባዶ ክርክር አይደለምና። ማርሻል አርት እርግጫና ቡጢ ብቻ አይደለም ይላሉ፤ ልክ ናቸው። በብዙ የቴኳንዶ ቤቶች ሰልጣኙ ገና ነጭ ቀበቶ እያለ ጨዋነትን፣ ሐቀኝነትን፣ ጽናትን፣ ራስን መግዛትንና የማይበገር መንፈስን እንደ መመሪያ በቃሉ ይይዛል። ይህንን እንዴት በደረሰኝ ትሰጣላችሁ? ብለው ይጠይቃሉ። ሁለተኛው ክርክራቸው ከዚህም ይጠነክራል። ገንዘብ የገባበት ቤት ቀበቶ መሸጥ ይጀምራል፤ በየሦስት ወሩ ፈተና፣ በየፈተናው ክፍያ፤ ልጁ በአንድ እግሩ መቆም ሳይችል የወገቡ ቀለም ይቀያየራል። ይህ በእርግጥ ይደረጋል፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ሦስተኛው የድሃው ልጅ ጉዳይ ነው። ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ ሥልጠናውን አብዝቶ የሚያስፈልገው ቤት ውስጥ ተቆጣጣሪ ያጣው፣ መንገድ ላይ የሚውለው ልጅ ነው፤ ክፍያ ሲመጣ መጀመሪያ በር ላይ የሚቀረውም እሱ ነው። በመጨረሻም «ለመሆኑ ሥራው ምንድን ነው?» ይላሉ። በሳምንት ሦስት ቀን፣ ማታ ማታ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ቆሞ መቁጠር። እሱንም ቢሆን ወዶት ነው የሚሠራው።

ከድሮዎቹ ልነሣ። በነጻ አስተማሩ የሚባሉት እነማን ናቸው? የሻኦሊን መነኮሳት ናቸው? ገዳሙ መሬት ነበረው። እ.ኤ.አ. በ621 መነኮሳቱ ኋላ የታንግ ንጉሠ ነገሥት የሆነውን ሊ ሺሚንን በጦርነት ረድተው ነበርና ለውለታቸው ሰፊ እርሻና የውሃ ወፍጮ ተሰጥቷቸዋል። ሌሊት ተነሥቶ የሚለማመደው መነኩሴ የሚበላው እህል የበቀለው በባለቤትነት በያዙት መሬት ነው። የጁዶ መሥራች ጂጎሮ ካኖ ነው? ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ቶኪዮ ውስጥ በኤይሾጂ ቤተ መቅደስ፣ 12 የታታሚ ምንጣፍ በምትይዝ ክፍል፣ በጣት በሚቆጠሩ ተማሪዎች ኮዶካን የተባለውን የጁዶ ማሠልጠኛ ሲከፍት የሳኬ (የሩዝ መጠጥ) ጠማቂ ባለጸጋ ቤተሰብ ልጅ ነበር፤ በዚያው ዓመትም በጋኩሹኢን ትምህርት ቤት በደመወዝ ያስተምር ነበር። ጁዶ በእግሩ እስኪቆም የተሸከመው ከሌላ ቦታ የሚመጣ ገቢ ነው።

ካራቴን ወደ ቶኪዮ ያመጣው ጊቺን ፉናኮሺ ደግሞ ከሁሉም ይበልጥ ሊያስተምረን ይገባል። በኦኪናዋ ለረጅም ዓመታት የትምህርት ቤት መምህር የነበረው ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1922 ሃምሳ ዓመት አልፎት ቶኪዮ ገባ። ሚስቱን አገር ቤት ትቶ፣ የኦኪናዋ ተማሪዎች በሚያድሩበት አዳሪ ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል ተሰጠችው። ቀን ቀን ግቢውን ይጠርጋል፣ ክፍሎቹን ያጸዳል፤ ማታ ካራቴ ያስተምራል። የምግብ ሂሳቡ እንዲቀነስለት ለአዳሪ ቤቱ ወጥ ቤት ሠራተኛ ካራቴ ማስተማሩን ራሱ ጽፎታል። የራሱ የሚባል ማሠልጠኛ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1936፣ ሰባ ዓመት ሊሞላው ሲቃረብ ነው። ያ ቤትም ከ10 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ በጦርነቱ የአየር ድብደባ ወደመ። ይህን ታሪክ የሚያነሡልን የቅድስና ምሳሌ አድርገው ነው። እኔ ግን ልጠይቅ፦ ለዛሬው ማስተር የምንመኝለት ይህንን ነው? የተማረውን ሰው መጥረጊያ አስይዘን፣ ቤተሰቡን አስትተን፣ እርጅናው ላይ ቤት ሲያገኝ ልናጨበጭብለት?

የዊንግ ቹን መምህሩን ኢፕ ማንን በፊልም ስላየነው ሁላችንም እናውቀዋለን። ቻይና፣ ፎሻን ውስጥ ሀብታም ሳለ ማስተማር መተዳደሪያው አልነበረም። ንብረቱን አጥቶ እ.ኤ.አ. በ1949 ሆንግ ኮንግ ሲሰደድ ግን በማግሥቱ ዓመት በምግብ ቤት ሠራተኞች ማኅበር አዳራሽ ማስተማር ጀመረ፤ ኑሮውንም በዚያ ገፋ። ዛሬ ዊንግ ቹን በዓለም ሁሉ የሚታወቀው ያ ሰው ጥበቡን መተዳደሪያው ስላደረገ ነው። ከተማሪዎቹ አንዱ የነበረው ብሩስ ሊም አሜሪካ ሄዶ ማሠልጠኛ ከፍቷል፤ ለሆሊውድ ተዋንያንም በውድ ዋጋ የግል ትምህርት ሰጥቷል። ግድግዳችን ላይ ፎቶውን የሰቀልንለት ሰው ያስከፍል ነበር።

ከራሳችን ቤትም የኔታ ይጠቀሳሉ። የኔታ ለፊደልና ለዳዊት ገንዘብ ጠይቀው ያውቃሉ? ይባላል። አልጠየቁም፤ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ ይከፍልላቸው ነበር። ደብሩ ለሚያገለግሉት ካህናትና መምህራን የሰሞን መሬት ነበረው። ተማሪው እንጨት ይለቅማል፣ ውሃ ይቀዳል፣ በመኸር ጊዜ ያጭዳል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በየደጁ የሚቆመውን የቆሎ ተማሪ የሚያበላው ምእመኑ ነው። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ያ ድጋፍ ተናጋ፤ ብዙ ጉባኤ ቤትም ተቸገረ። ትምህርቱ ያው ነው፤ የኔታም ያው ናቸው፤ የጎደለው የሚያኖራቸው ነገር ነው።

ስለዚህ በነጻ የተሰጠ ትምህርት ኖሮ አያውቅም። ወይ መሬት ይከፍለዋል፣ ወይ ሌላ ደመወዝ ይከፍለዋል፣ ወይ የመምህሩ ሆድ ይከፍለዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ ላይ አንድ አዳራሽ የተከራየ ማስተር የሰሞን መሬት የለውም። የሳኬ ጠማቂ ቤተሰብም የለውም። እሱን «በነጻ አስተምር» ማለት ከሦስተኛው ክፈል ማለት ነው።

አሁን «ቆሞ መቁጠር ነው» ወደሚለው ልምጣ። ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ለዓመታት በአንድ ክለብ ውስጥ የስምና የክፍያ መዝገብ ይዤ ስለነበር ያ አንድ ሰዓት ተኩል ከምን ከምን እንደሚሠራ አውቃለሁ።

ከአዳራሹ ጀምሩ። ጣሪያው ዝቅ ያለ ከሆነ ዝላይ የለም። ወለሉ ሲሚንቶ ከሆነ ምንጣፍ ያስፈልጋል፤ ምንጣፍ ደግሞ ውድ ነው። ከታች ቢሮ ካለ የእርግጫው ድምፅና የልጆቹ ጩኸት ክስ ያመጣል። አከራዩ ኪራይ ሲጨምር አስቀድሞ አይነግርም። የወጣት ማዕከል አዳራሽ በነጻ ወይም በትንሽ ዋጋ ያገኘ ማስተር ዕድለኛ ነው፤ ግን ስብሰባ ሲጠራ ሥልጠናው ይሰረዛል፤ ሠላሳ ልጅ በር ላይ ቆሞ ይመለሳል፤ የሠላሳውም ወላጅ የሚደውለው ለስብሰባው አዘጋጅ ሳይሆን ለማስተሩ ነው። በዚያ ላይ ወቅቱ አለ። ሐምሌና ነሐሴ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አዳራሹ በልጅ ይሞላል። መስከረም ሲጠባ ግማሹ የለም። ፈተና ሲደርስ ይቀንሳል፤ በጾሙ ሰዓት ይለወጣል፤ በበዓሉ ሳምንት ማንም አይመጣም። ኪራዩ ግን ክረምትም በጋም ያው ነው።

ወለሉን ማን ያጸዳዋል ብሎ የጠየቀ ወላጅ አላጋጠመኝም። በባዶ እግራቸው የሚረግጡበት፣ የሚወድቁበት፣ ላባቸውን የሚያንጠባጥቡበት ምንጣፍ በየቀኑ በበረኪና ካልታጠበ ጭርት ከአንዱ ልጅ ወደ ሃያው ይዛመታል። አንድ ልጅ ራሱ ላይ ክብ ቁስል ይዞ ሲመጣ ማስተሩ ሳያሳፍር ለብቻው ጠርቶ፣ ለእናቱ ደውሎ፣ እስኪድን አርፎ እንዲመለስ ማግባባት አለበት። የራስ መከላከያው፣ የቅልጥም ጋርዱ፣ ፓዱ ሁሉ መታጠብና መድረቅ አለበት። ይህ ሁሉ የሚደረገው «ቻርዮት!» (ተጠንቀቅ!) ከመባሉ በፊት ወይም ሁሉም ከሄደ በኋላ ነው።

ትምህርቱ ራሱስ? አንድ ምሳሌ ብቻ ልውሰድ፤ በዙር የሚመታውን እርግጫ። የሚያየው ሰው የሚያየው ወደ ላይ የወጣውን እግር ነው። አዋቂ አሠልጣኝ የሚያየው መሬት ላይ የቀረውን ነው። ልጁ ዳሌውን ሲያዞር የቆመበት እግር አብሮ ካልዞረ ጥምዘዛው ጉልበቱ ላይ ያርፋል። ዛሬ አይሰማውም። በየሳምንቱ መቶ ጊዜ፣ ለዓመታት ሲደጋግመው ግን ይሰማዋል። ሠላሳ ልጅ አንድ ላይ ሲረግጥ ሠላሳ የቆመ እግር ማየት ሥራ ነው። ስንጥቅ ለማውረድ ልጅን እያስለቀሱ ትከሻውን ወደ ታች መጫን በየአዳራሹ የኖረ ልማድ ነው፤ ይህን ልማድ ትቶ ጅማቱን በወራት ውስጥ ቀስ በቀስ ማላላት ዕቅድ ይጠይቃል፤ ትዕግሥትም ይጠይቃል። የስድስት ዓመት ልጅ የሚያዳምጠው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ የአሥራ ስድስት ዓመቱ ደግሞ እንደ ሕፃን ሲያዙት ይሄዳል። ሁለቱም በአንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት ላይ ናቸው። ለእያንዳንዳቸው ምን እንደሚሰጣቸው ቤቱ ተቀምጦ ያላዘጋጀ ሰው በእርግጥም ቆሞ ይቆጥራል። መጥፎውን አሠልጣኝ አይታችሁ ሙያውን አትለኩ።

ስፓሪንግ ሲመጣ ኃላፊነቱ እጥፍ ይሆናል። ማን ከማን ጋር ይግጠም? በዕድሜ፣ በክብደት፣ በልምድ፣ ደግሞም በጠባይ መመዘን አለባቸው፤ ክብደታቸው እኩል ሆኖ አንዱ ቂም የያዘበትን ልጅ የሚጠብቅ ከሆነ ማስተሩ ይህን ማወቅ ነበረበት። ራሱን የተመታ ልጅ ፊቱ ከገረጣ፣ ካዞረው፣ ካስመለሰው በዚያ ቀን አይቀጥልም፤ በማግሥቱም አይመለስም፤ ሐኪም ያየዋል። ይህን ውሳኔ የሚወስነው አባትየው ከዳር ቆሞ «ወንድ አይደለህ እንዴ፣ ተነሣ!» እያለ ነው። ማስተሩ አባቱን እምቢ ማለት አለበት። ወርሃዊ ክፍያ በልመና የሚሰበስብ ሰው ይህን እምቢታ ከየት ያመጣል?

መዝገቡስ? የትኛው ልጅ አስም አለበት፣ የትኛዋ የሚጥል በሽታ መድኃኒት ትወስዳለች፣ የማን ወላጆች ተለያይተዋል፣ ልጁን ወስዶ መሄድ የሚፈቀድለትስ ማን ነው፣ ይህ ሁሉ ተጽፎ መያዝ አለበት። ሥልጠናው ማታ አንድ ሰዓት ላይ ያልቃል፤ አንዷ ልጅ እስከ ሁለት ሰዓት የሚወስዳት አይመጣም። ማስተሩ ልጅቷን ትቶ መሄድ አይችልም፤ ለብቻው ከእሷ ጋር ተዘግቶ መቀመጥም የለበትም። ስለዚህ ሁለተኛ ሰው ያስፈልጋል። በዚህ ነጥብ ላይ ጠንከር ብዬ እናገራለሁ። ልጆች ልብስ የሚቀይሩበት፣ ሰውነታቸው የሚነካበት፣ አዋቂውን አጎንብሰው ሰላም የሚሉበትና ትእዛዙን ያለ ጥያቄ የሚቀበሉበት ቦታ ጥቃት ለሚያስብ ሰው የተመቸ ነው። መከላከያው በር ክፍት መተው፣ የግል ትምህርት በተዘጋ ክፍል አለመስጠትና ምንጊዜም ሁለት ኃላፊነት ያለባቸው አዋቂዎች በአዳራሹ መኖራቸው ነው። ሁለተኛው አዋቂ ደግሞ ደመወዝ ነው። በነጻ የሚያስተምረው ማስተር ረዳት የሚቀጥረው በምንድን ነው? «ቅዱስ ሰው ስለሆነ አያስፈልገውም» የሚለኝ ካለ፣ ልጄን ወደዚያ ቤት አልልክም።

ይህ ሁሉ እያለ ፈቃድ ማደስ፣ ግብር መክፈል፣ ለውድድር ማስመዝገብ፣ የትራንስፖርት ገንዘብ ማዋጣት፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ጓደኛውን የረገጠውን ሰልጣኝ ጉዳይ ከርዕሰ መምህሩ ጋር ቁጭ ብሎ መጨረስ አለ። ማስተሩ የራሱን ሥልጠናም መቀጠል አለበት፤ ከአሥር ዓመት በፊት የተማረውን ብቻ የሚያስተምር ሰው በየዓመቱ ከተማሪው ዕዳ ይበደራል።

«ወዶት ነው የሚሠራው» ለሚለው ብዙ ቃል አላባክንም። ሐኪሙስ ሙያውን አይወድም? መሐንዲሷስ? መውደድ ኪራይ ከፍሎ አያውቅም።

የቀበቶ ሽያጩ ክርክር ግን በቁም ነገር መልስ ይገባዋል፤ በሽታው እውነተኛ ነውና። ልዩነታችን መንሥኤው ላይ ነው። እነሱ ክፍያ ቀበቶን አረከሰ ይላሉ። እኔ የምለው ቀበቶን ያረከሰው በቂ ያልሆነ ክፍያ ነው።

በቁጥር እንየው፤ ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል ነው የምወስዳቸው። አንድ ቤት 40 ሰልጣኝ አለው እንበል። ወላጆች እየተከራከሩ ወርሃዊውን 500 ብር ላይ አውርደውታል። ከአርባው አሥሩ ወይ በነጻ የሚማሩ ናቸው ወይ ያልከፈሉ፤ ስለዚህ በወር የሚገባው 15,000 ብር ነው። ኪራዩ 14,000 ቢሆን ማስተሩ ለረዳቱ፣ ለበረኪናው፣ ለራሱ ቤተሰብ ተደምሮ 1,000 ብር ቀረው። አሁን የቀበቶ ፈተና ያዘጋጅ። 30 ልጅ በነፍስ ወከፍ 1,000 ብር ሲከፍል በአንድ ቅዳሜ 30,000 ብር ይገባል። ይህ ሰው ልጅ የመጣል አቅም አለው? አንድ ልጅ በጣለ ቁጥር ከኪራዩ እየቆረጠ ነው። ወርሃዊው 1,200 ብር የሆነበት፣ የፈተናው ክፍያ ግን ቀበቶውንና የምስክር ወረቀቱን ብቻ የሚሸፍንበት ቤት ውስጥስ? እዚያ 36,000 ብር በየወሩ ይገባል፤ ፈተናው የሚያተርፈው ነገር የለም፤ ማስተሩ «አልደረስክም፤ ከስድስት ወር በኋላ ተመለስ» ማለት ይችላል። ይህን አረፍተ ነገር የማይናገር ቤት ማሠልጠኛ አይደለም።

ወርሃዊውን ያወረደው ማን ነው? «ለዚህም ይከፈላል እንዴ?» ያልነው እኛ ነን። «መቼ ነው ቀበቶ የሚቀየርለት?» እያልን ማስተሩን የምንወተውተውም እኛው ነን። ለትምህርቱ መክፈል ቅር ይለናል፤ ለቀለሙ ግን ፎቶ ስለሚነሣበት ደስ ብሎን እንከፍላለን። ነጋዴ የሆነው ማን እንደሆነ ከዚህ በኋላ እንመርምር።

ደረጃ መስጠት ራሱ ችግር እንዳልሆነ ታሪኩ ያሳያል። የዳን ማዕረግን እ.ኤ.አ. በ1883 የጀመረው ካኖ ሥርዓት ያለው መምህር ስለነበር ነው፤ ተማሪው የት እንደደረሰ እንዲያውቅ። እ.ኤ.አ. በ1972 በሴኡል የተሠራው የቴኳንዶ ማዕከል ኩኪዎን ከ15 ዓመት በታች ላለ ልጅ ዳን አይሰጥም፤ ፑም የሚባል የልጆች ማዕረግ አለው። ፍሬኑ በሥርዓቱ ውስጥ ተሠርቷል። ፍሬኑን የሚበጥሰው የማስተሩ ባዶ ኪስ ነው።

«ለሥነ ምግባር ዋጋ አይወጣለትም» የሚለውም ከዚሁ ጋር ይመለሳል። ሐቀኝነትን በቃል የሚያስተምር ሰው ሐቀኛ ሂሳብ እንዳይኖረው ማድረግ ምን ዓይነት ሥነ ምግባር ነው? ክፍያውን በአፉ እያጉተመተመ፣ ከአንዱ ወላጅ ይህን ከሌላው ያንን እየተቀበለ፣ ለልብሱ፣ ለጀርሲው፣ ለጉዞው በየሰበቡ እየጠየቀ የሚኖር ማስተር በልጆቹ ፊት ይዋረዳል። ዋጋውን ግድግዳ ላይ የለጠፈ፣ ደረሰኝ የሚሰጥ፣ ፈተናው ስንት እንደሆነና በምን መስፈርት እንደሚያልፍ በጽሑፍ ያስቀመጠ ማስተር ግን ያንን ሐቀኝነት ልጆቹ በየቀኑ ያዩታል። ለማስተሮቻችንም የምለው ይህንኑ ነው፦ ክፍያችሁን አፍራችሁ አትናገሩ። ስታፍሩ «ጥበብ አይሸጥም» የሚለውን ሰው ልክ ነህ እያላችሁት ነው።

የድሃውን ልጅ ወደ ኋላ ያቆየሁት የክርክሩ ልብ እዚያ ስላለ ነው። ያለ ክፍያ የሚያስተምረውን ሰው አከብረዋለሁ። ግን ያ ሰው ምን ያህል ይቆያል? ወጣት ሳለ፣ ወላጆቹ ቤት እየኖረ፣ ጉልበቱም ጊዜውም እያለው ያስተምራል። ያገባል፤ ይወልዳል፤ ሌላ ከተማ ሥራ ያገኛል፤ አዳራሹ ይዘጋል። የመክፈል አቅም ያለው ወላጅ ልጁን ወደ ሌላ ቤት ይወስደዋል። አረንጓዴ ቀበቶው ላይ የቀረው፣ «ማስተር የት ሄደ?» እያለ ወደ መንገዱ የሚመለሰው ያው የድሃው ልጅ ነው። ለእሱ የሚበጀው በነጻ ተከፍቶ በሁለት ዓመት የሚዘጋ ቤት ነው ወይስ ሃያ ዓመት የሚቆም፣ በውስጡ ለእሱ ቦታ ያለው ቤት?

ይህ ቦታ የሚገኘውም በግልጽ ሂሳብ ነው። ጥሩ የሚሠራ ቤት ስምንት ከፋይ ሁለቱን እንዲሸከም አድርጎ ዋጋውን ይወስናል። ማን ከፋይ ማን ነጻ እንደሆነ ከማስተሩና ከመዝገብ ያዡ በቀር ማንም አያውቅም። ነጻ የሚማረው ልጅ ውለታ እንዲመልስ ተብሎ መጥረጊያ አይሰጠውም፤ በጥሩ ቤት ሁሉም ይጠርጋል፣ የሚኒስትር ልጅም ቢሆን። ልብሱ እንደ ሌሎቹ ነጭ ነው፣ ፈተናውም እንደ ሌሎቹ ከባድ ነው። ይህን የሚችለው ወር ሲገባ ኪራዩ ያልጨነቀው ማስተር ብቻ ነው።

በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በተካሄደው የቶኪዮ ኦሊምፒክ ሰለሞን ቱፋ በ58 ኪሎ ግራም ቴኳንዶ ኢትዮጵያን ወክሎ ሲቆም ብዙዎቻችን ደስ አለን፤ በሩጫ ብቻ በምንታወቅበት መድረክ ሌላ ልብስ ለብሰን ታየን። ያን ጊዜ «ጥበብ አይሸጥም» ያለ ሰው አልሰማሁም። ወደዚያ መድረክ የሚወስደው መንገድ የሚጀምረው ግን በአንድ ሰፈር አዳራሽ ነው፤ አንድ ልጅ የቆመበትን እግር እንዲያዞር አንድ አሠልጣኝ ተንበርክኮ ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ሲያሳየው። ውጤቱ ላይ ሰንደቅ ዓላማ ይዘን የምንወጣ ሰዎች ለዚያ ምሽት ኪራይ ማን እንደሚከፍል ብንጠይቅ ነውር አይደለም።

እንግዲህ አቋሜ ይኸው ነው፦ ማርሻል አርት ማሠልጠኛ ማስተዳደር ሙሉ ሥራ ነው፤ የሙሉ ሥራ ክፍያም ይገባዋል፤ ይህን ክፍያ የምንነፍገው በጥበቡ ክብር ስም ከሆነ ክብሩን የምናጠፋው እኛው ነን። ወላጅ ልጁን ሲያስመዘግብ «ስንት ነው?» ከማለቱ በፊት ሌሎች ጥያቄዎች ይጠይቅ። ወለሉ መቼ መቼ ይታጠባል? ሁለተኛው አዋቂ ማን ነው? ራሱን የተመታ ልጅ ምን ይደረጋል? ባለፈው ፈተና ስንት ልጅ ወደቀ? ለእነዚህ ጥሩ መልስ ካገኘ ዋጋውን ሳይከራከር፣ በወሩ መጀመሪያ ይክፈል።

በነጻ ይሰጥ የምትሉትም ለድሃው ልጅ የምታስቡ ከሆነ መንገዱ ክፍት ነው። በሰፈራችሁ ወዳለው አዳራሽ ሂዱ፤ በመስኮት የሚመለከተውን፣ መግቢያ የሌለውን ልጅ ታገኙታላችሁ። ስሙን አስመዝግቡና የዓመቱን ክፈሉለት።